ከሐዋሳ ወደ ተራራው ጫካ በፎር ዊል መኪና እንዴት እንሂድ?

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ዓይኑ ሐይቁ ላይ ነው። ፍቅር ሐይቅ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ወደ ምሥራቅ ቀና ብሎ ለሚያይ ግን ሌላ ዓለም አለ። ከወንዶ ገነት በላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው ጫካ ነው። ከከተማው ተነስቶ እግሩ ሥር ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። መንገዱ ግን ከዚያ በኋላ ይለወጣል። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮረቱም ያልቃል፣ አፈርና ድንጋይ ይጀምራል።

ይህን የምጽፈው ፎር ዊል መኪና ላላችሁ፣ ወይም ተከራይታችሁ መውጣት ለምትፈልጉ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የጫካ መንገድ ለመዝናኛ የተሠራ አይደለም። እዚያ ለሚኖረው ሰው የገበያ፣ የወፍጮ ቤትና የትምህርት ቤት መንገዱ ነው። እኛ አልፈን ስንሄድ ነገ ጠዋት ፈረስ ጭኖ የሚያልፍበት ሰው አለ። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ጉዳዩ ሐይቁንም ይነካል። ከወንዶ ገነት ከፍታዎች የሚወርዱት ምንጮችና ወንዞች ጨለለቃ ረግረግ ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያ ጥቁር ውሃ ሆነው ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ሐይቁ ከገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለም። ጨለለቃ ራሱ አንድ ጊዜ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። እርጥብ ዳገት ላይ ጎማ የቆፈረው ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ የጎርፍ መንገድ ይሆናል፤ አፈሩም ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ተራራ ላይ እንዴት እንደምንነዳ ታች ያለው ሐይቅም ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ

ፎር ዊል የተባለ መኪና ሁሉ አንድ አይደለም። ራቭ ፎርና መሰሎቹ አራት ጎማ ቢያሽከረክሩም ፎር ሎው የላቸውም። ለደረቅ የኮረት መንገድ ይበቃሉ። ለገደላማ የጫካ መንገድ ግን ፎር ሎው ያለው መኪና ያስፈልጋል። ሃይሉክስ፣ ላንድ ክሩዘር፣ ፕራዶ፣ አሮጌው ቪታራና ጂምኒ አላቸው።

ፎር ሎው ሲገባ ጎማው በዝግታ ይዞራል፤ ጉልበቱ ግን ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ያድጋል። ብዙ ሰው ይህን ማርሽ ከጭቃ መውጫ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ዝግታው ነው። ነዳጅ ሳትሰጡ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ፣ መኪናው በራሱ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ይሄዳል። ድንጋዩን አይታችሁ፣ ጎማውን የምታሳርፉበትን መርጣችሁ ታልፋላችሁ።

ሃይሉክስና የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮች (ሃርድ ቶፑም ፒክአፑም) ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፎር ሃይ (አራቱም ጎማ በተለመደው ፍጥነት የሚሠራበትን) ስታስገቡ የፊትና የኋላ ጎማዎች በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ይቆላለፋሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ ርቀት ይሄዳል። አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለው ጫናው በሙሉ ካምቢዮና ዲፍረንሻል ላይ ያርፋል። ስለዚህ አስፋልት ላይ በሁለት ጎማ ሂዱ፤ አፈር ሲጀምር ፎር ሃይ፣ ዳገቱ ሲከብድ ፎር ሎው። ፎር ሎው የሚገባው መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነው። ፕራዶና ቪኤይት ላንድ ክሩዘር ሁልጊዜም በአራት ጎማ የሚሄዱ ስለሆኑ አስፋልት ላይ ችግር የለባቸውም። የመሃል ዲፍረንሻል መቆለፊያቸውን ግን እነሱም አስፋልት ላይ መፍታት አለባቸው።

አሮጌ መኪና ከሆነ የፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ይኖረዋል። እሱን ሳትቆልፉ ውስጥ ያለውን ዘንግ ብትጎትቱ የፊት ጎማ አይሠራም። አፈሩ ሲጀምር ወርዳችሁ ሁለቱንም ቆልፉ። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ጎንበስ ብሎ መቆለፍ በጣም ያስቸግራል።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን መካኒክ ጋ ጎራ በሉ። ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ የመሪ ጫፎች፣ የራዲያተር ውሃ፣ የባትሪ ማሰሪያ ይታይ። የጎማውን ጎንና ጎን በእጃችሁ ዳስሱ። ድንጋያማ መንገድ ጎማን የሚበላው ከጎኑ ነው፤ እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ጎሚስታም አያድነውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና መንከባከብ ሌላ ምክንያት አግኝቷል።

መቼ?

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መጋቢት አካባቢ በልግ ይጀምራል፤ ከዚያ ክረምቱ እስከ መስከረም ይዘልቃል። የሲዳማ ደጋ ላይ ቀዩ አፈር ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጎማ ጥሩ ሆነ አልሆነ ብዙ ለውጥ የለውም። ከባድ ዝናብ ከጣለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ፀሐያማ ቀን ጠብቁ። ይህ ለእናንተም ለመንገዱም ነው። በረጠበ አፈር ላይ አንድ መኪና የሚያደርሰውን ጉዳት በደረቅ ጊዜ ብዙ መኪና አያደርሰውም።

ሰዓቱን በተመለከተ ሕጌ ቀላል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሐዋሳ መውጣት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት መመለስ መጀመር። ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳል፣ ዝናብም የሚመጣው ያኔ ነው። ማታ በተራራ መንገድ መንዳት አያስፈልግም።

የት?

ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዶ ገነትን እመክራለሁ። ቅርብ ነው፤ ነገር ቢበላሽ ሻሸመኔ መካኒኩም ጎሚስታውም አለ። ከፍል ውሃውና ከደን ኮሌጁ በላይ ያለው ጫካ ከቀሩን የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት በአንድ ቦታ ታያላችሁ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው ከሩቅ ያስታውቃል። ኮሌጁ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ጫካው ማስተማሪያና ምርምር ቦታም ስለሆነ መኪና የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን በር ላይ ጠይቁ። መኪናውን ታች አቁማችሁ የአካባቢ አስጎብኚ ይዛችሁ በእግር ብትወጡ ከሁሉ ይሻላል፤ በተለይ ወደ አባሮ ተራራ። በመኪና የምትወጡት በዙሪያው ባሉት የመንደር መንገዶች ይሁን።

ሁለተኛው አቅጣጫ ደቡብ ነው። በአለታ ወንዶ አድርጎ ወደ ሐገረ ሰላም፣ ከዚያ ወደ ቦሬ የሚሄደው መንገድ። ዋናው መንገድ ራሱ ያምራል። ሐገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ጃኬት ያዙ። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገነጠሉት የመንደር መንገዶች በእንሰትና በቀርከሃ መሃል ያልፋሉ። አንዳንዱ ቦታ ቀርከሃው ከላይ ተገናኝቶ ጣሪያ ይሠራል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና አይተላለፍም። ከመግባታችሁ በፊት መጨረሻው የት እንደሆነና መኪና የሚዞርበት ቦታ መኖሩን ጠይቁ። ይህ ካልታወቀ አንድ ሰው ቀድሞ በእግሩ ይሂድ።

ሦስተኛው ሙኔሳ ነው። አርሲ ነገሌ ደርሳችሁ ወደ ምሥራቅ ወደ ደጋው ትወጣላችሁ። የተተከለ ደንና የተፈጥሮ ደን ጎን ለጎን የሚታይበት ቦታ ነው። በአንድ በኩል በመስመር የቆመ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ትልልቅ ዝግባ። መንገዶቹ ግንድ ለሚያመላልስ የጭነት መኪና የተሠሩ ናቸው። ሰፊ ናቸው፤ ነገር ግን የከባድ መኪና ጎማ ቦይ አውጥቶባቸዋል። የእናንተ መኪና ሆዱ እንዳይንጠለጠል ጎማውን ቦዩ ውስጥ ሳይሆን በመካከለኛው ጉብታና በጠርዙ ላይ አስኪዱ። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ሳይፈቀድ አይገባም፤ ግንድ የሚቆረጥበት ቀንም አለ።

ሁለት ሌሊት ያለው ሰው ባሌ ይሂድ። ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾና ሮቤ አድርጎ ጎባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ላይ ስለሆነ መግቢያውን እዚያ ትከፍላላችሁ። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ጅብራ በቆመበት ሜዳ መሃል ያልፍና በሌላው በኩል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ውጪው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ሲለዋወጥ ሌላ ቦታ አላየሁም። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ፣ ከዚያ ሽበት ያንጠለጠለ አስታ፣ ከዚያ ሪራ መንደር፣ ከዚያ ሰማይ የማያሳይ ጫካ። ሐረና ውስጥ ቡና በዱር ይበቅላል፤ የማር ቀፎም ከትልልቅ ዛፎች ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ከቀፎ ሥር መኪና አታቁሙ።

ሳነቲ ላይ ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ የሚወጣ የመኪና መንገድ አለ። 4,377 ሜትር ነው፤ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ። ፎር ሎው የሚያስፈልግ ሸካራ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ከመንገዱ አንድ ጎማ እንኳ አታውጡ። ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድ ሞልቶታል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እነሱን በልቶ ነው። ውሻ ይዛችሁም አትምጡ። ቀይ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ፍጥነታችሁንም ቀንሱ፤ ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል።

ዶዶላና አዳባ ላይ ያለው ጫካ ግን የመኪና አይደለም። እዚያ መኪናውን ከተማ አቁሙና ፈረስ ተከራዩ።

ፈቃድና ወሬ

ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ ይጠፋል። ካርታው ግን ግማሽ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት የፈረሰውን ድልድይ ካርታው አያውቀውም። የሚያውቀው የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከሻሸመኔም ከአለታ ወንዶም እህልና ቡና የሚጭኑ ሾፌሮችን ጠይቁ። ስለ መንገዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጸጥታውም ጠይቁ፤ ያንኑ ጥያቄ ለወረዳው አስተዳደር ወይም ለፖሊስ ድገሙ። «አሁን አትሂዱ» ካሏችሁ አትሂዱ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱም ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ።

የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ትልቅ ነገር ነው። በሲዳማ በኩል ሲዳምኛ፣ በአርሲና በባሌ በኩል ኦሮምኛ። ሰላምታ እንኳ በአገሬው አፍ ሲሆን ፊት ይፈታል።

ዕቃ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዕቃው ከዋዜማው ይጫን።

ሙሉ መጠባበቂያ ጎማ፣ ንፋሱ ተለክቶ። ክሪክና ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ጣውላ፤ ያለ ጣውላ ክሪኩ ለስላሳ አፈር ውስጥ ይሰጥማል። አካፋ። ጠንካራ መጎተቻ ገመድ። በመኪና ባትሪ የሚሠራ የጎማ መንፊያና የንፋስ መለኪያ። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ሽቦ፣ ባትሪ (የእጅ መብራቱን ማለቴ ነው)። የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ። በሰው ቢያንስ አምስት ሊትር ውሃ። ነዳጅ ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ ላይ ሙሉ አድርጉ። በፎር ሎው የሚሄድ መኪና ከአስፋልቱ በጣም የበለጠ ይጠጣል፤ ስለዚህ አስፋልት ላይ የምታውቁትን ሂሳብ አትመኑት።

ለምግብ ጭኮ የሚያህል የለም። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ስለሆነ አይበላሽም፣ ያጠግባል፣ እሳት አይፈልግም። በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ይገኛል።

ከባዱን ዕቃ ፖርቶ መጋላ ላይ አትስቀሉ። መኪናው ጎን ለጎን ሲጋደል የሚገለብጠው ላይ ያለው ክብደት ነው። ታች፣ በሁለቱ አክስል መሃል፣ በደንብ ታስሮ።

አፈሩ ሲጀምር

ቁሙ። መቆለፊያውን ቆልፉ፣ ፎር ሃይ አስገቡ፣ ከዚያ የጎማ ንፋስ ቀንሱ። አስፋልት ላይ 32 ወይም 35 ፒኤስአይ ከነበረ ወደ 25 አውርዱት። ጎማው ሰፋ ብሎ መሬቱን ይይዛል፣ ድንጋዩንም ይውጣል፣ እናንተም አትንገጫገጩም። መንገዱም ይጠቀማል፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ብዙ ባዶ ስለማይዞር አፈሩን አይቆፍርም። ለክፉ ጭቃ 18 ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ያኔ ግን በጣም በዝግታ፣ መሪም በኃይል ሳይታጠፍ፤ አለበለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መልሳችሁ መንፋት ግዴታ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይሞቅና ይፈነዳል።

ሽቅብ ስትወጡ ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ምረጡ። መሃል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስትረግጡ መኪናው ይቆማል፤ ከዚያ መነሳት ይከብዳል። ፎር ሎው ሁለተኛ ማርሽ ለብዙ ዳገት ይሆናል። ነዳጁን እኩል እኩል ስጡ። ጎማው ባዶ መዞር ከጀመረ ነዳጅ አትጨምሩ፤ ቀንሱ። መኪናው አልወጣም ካለ ፍሬን ያዙ፣ ኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ቀጥ ብላችሁ በኋላ ውረዱ። ዳገት ላይ ለመዞር መሞከር መኪና ይገለብጣል።

ቁልቁለቱ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ሰው የሚጎዳው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። የረጅም ቁልቁለት ፍሬን ይሞቃል፤ የሞቀ ፍሬን ደግሞ አይዝም። አንዳንዱ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን አውጥቶ) ይለቃል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ቁሙ። ፎር ሎው አንደኛ ማርሽ አስገቡ። እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሱና ወለሉ ላይ አሳርፉት። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ አያስፈራችሁ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ፍሬን ካስፈለገ ነካ ነካ፣ በዝግታ። ኋላው መንሸራተትና መዞር ከጀመረ ፍሬኑን ልቀቁና ትንሽ ነዳጅ ስጡ፤ ጎማው እንደገና ሲዞር መኪናው ቀጥ ይላል። እግር ይህን እምቢ ይላል፤ ፍሬን ፍሬን ይለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አጭርና ሜዳ የሚጨርስ ቁልቁለት ላይ ተለማመዱት።

አውቶማቲክ መኪናም ያው ነው። ሊቨሩን «L» ወይም «1» የሚለው ላይ ቆልፉት።

ወንዝ

ውሃ ሳይሻገሩት ይጠና። አንድ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ፣ በትር ይዞ፣ ጎማዎቹ በሚሄዱበት በሁለቱም መስመር ይሻገር። ከጉልበት በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውየውን የሚገፋው ከሆነ፣ አትግቡ። የአገሬውን ሰው መጠየቅ አይታለፍ። ወንዶ ገነት በኩል አንድ ወንዝ ዳር የቆሙ አባት መኪናችንን አይተው በትራቸው ላይ ሁለት ቦታ በጣታቸው አሳዩን። ታችኛው የዛሬው ውሃ ነው፣ ላይኛው ከትናንት ወዲያ ማታ የነበረው። በሁለቱ መሃል ክንድ የሚያህል ልዩነት ነበር። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ቢልም ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ይመጣል።

ከገባችሁ በፎር ሎው፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቆሙና ማርሽ ሳትቀይሩ እኩል በሆነ ዝግታ እለፉ። ረጭ እያደረጉ በፍጥነት መግባት ፎቶ ላይ ያምራል፤ ውሃው ግን በአየር መሳቢያው ወደ ሞተር ይገባል። ውሃ የጠጣ ሞተር አለቀለት ማለት ነው። ውሃው መሃል ሞተሩ ቢጠፋ አታስነሱት፤ ጎትታችሁ አውጡትና አየር ማጣሪያው መርጠቡን እዩ። ወጥታችሁ ስትጨርሱ ትንሽ ሄዳችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ነካ አድርጉት፣ ይድረቅ።

ሲቀረቀር

መኪናው አልሄድ ሲል የሾፌሩ እግር ነዳጅ ላይ ይጸናል። ያኔ ጎማው ይቆፍራል፣ መኪናው በሆዱ ይተኛል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሄደ መኪና በሦስተኛውም አይሄድም። ውረዱ። ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን አፈር በአካፋ ጥረጉ። ንፋስ ቀንሱ። ድንጋይ ወይም የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ ከጎማው ፊት አስገቡ። ቆሞ ያለ ዛፍ አትቁረጡ። ከዚያ በመጣችሁበት መንገድ ወደ ኋላ ለመውጣት ሞክሩ፤ የረገጣችሁት አፈር ከፊት ካለው ይሻላል።

መጎተት ካስፈለገ ገመዱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ ነው። የፊት መከላከያው ላይ ወይም የተጎታች መያዣው ኳስ ላይ አይታሰርም፤ ብረቱ ተነቅሎ ሰው ይገድላል። ገመዱ መሃል ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ጣሉበት፤ ቢበጠስ መሬት ይወርዳል። ለመርዳት የተሰበሰበውን ሰው፣ በተለይ ልጆቹን፣ ከገመዱ ርዝመት በላይ አርቁ። ይህ ነገር ሲነገር ሰው ይስቃል፤ እናንተ ግን ሰው እስኪርቅ ድረስ ሞተር አታስነሱ። ለረዷችሁም አመስግናችሁ ተገቢውን ክፈሉ። እርሻቸውን ትተው ነው የመጡት።

ሰው ሲመጣ

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ ካያችሁ ዳር ያዙና ሞተር አጥፉ። ሸክም የያዘ ሰው ጠባብ መንገድ ላይ ለመኪና ዳር መያዝ የለበትም። ፈረስና አህያ ሲመጣም እንዲሁ፤ ጥሩምባ አታሰሙ። አዛውንት ሲገኙ መስኮት ዝቅ አድርጎ ሰላም ማለት፣ «አባባ እንዴት አደሩ» ማለት የመንገዱ ወግ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ከመኪናው ጎን ይሮጣሉ። ባዶ ፕላስቲኩን ለውሃ መያዣ ነው የሚፈልጉት። እየሄዳችሁ በመስኮት አትወርውሩ። ልጁ የሚያየው ጠርሙሱን እንጂ ጎማውን አይደለም። መስጠት ካሰባችሁ መንደር ደርሳችሁ፣ ቆማችሁ፣ በትልቅ ሰው እጅ ስጡ። ቆሻሻችሁን ደግሞ ሐዋሳ ድረስ መልሳችሁ አምጡት።

ከፍታው

ይህ ባሌ ለምትሄዱት ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ቀን ከዚያ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ መውጣት ሰውነትን ያስጨንቃል። ጎባ ወይም ዲንሾ እደሩ፣ በማግስቱ ውጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከመጣ ውሃ ጠጡና አትሩጡ። ከባሰ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ። ጎባ እንደ ሐዋሳ ዝቅ ያለች ባትሆንም ከሳነቲ በአንድ ጊዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት። መኪናውም አየር ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር 4,000 ሜትር ላይ የጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል። እንደ ታች ልሂድ አትበሉት፤ ማርሹን ዝቅ አድርጉለት።

ስትመለሱ

ጎማውን ንፉ፣ መቆለፊያውን ፍቱ፣ ወደ ሁለት ጎማ መልሱ። ጭቃውን ጥቁር ውሃ ዳርም ሐይቁ ዳርም አትጠቡት፤ ዘይቱም ሳሙናውም ሐይቅ ውስጥ ነው የሚቀረው። መኪና ማጠቢያ ወስዳችሁ ከሥር በደንብ እንዲታጠብ አድርጉ። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ አስፋልት ላይ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰው ይህንን የጎማ ሚዛን መስሎት ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። በማግስቱ መኪናው ከቆመበት ሥር ዘይት መንጠባጠቡን እዩ። ወንዝ ተሻግራችሁ ከሆነ የፊትና የኋላ ዲፍረንሻል ዘይት ይታይ። ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳትነዱት ያንኑ ቀን አስቀይሩት።